ቅዳሜ የምንጀምረው «ፍሪረን»

ሰላም ልጆች፣

ቅዳሜ ማታ የምንጀምረው «ፍሪረን» የተባለውን አኒሜ (የጃፓን የካርቱን ተከታታይ) ምዕራፍ 1 ነው። ማድሃውስ የተባለው ስቱዲዮ የሠራው፣ 28 ክፍል። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2023 ሲጀምር የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች በአንድ ምሽት ነው የለቀቋቸው። እኛም አንዴ ቁጭ ብለን እንጨርሳቸዋለን። ቡና የሚያፈላ ይዘጋጅ።

ድብድብ የናፈቃችሁ ትንሽ ታገሱ። ታሪኩ የሚነሳው የአጋንንቱ ንጉሥ ከተገደለ በኋላ ነው። ጀግኖቹ ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ቤታቸው እየገቡ ነው። ከእነሱ አንዷ ፍሪረን ኤልፍ ናት (እንደ ሰው ቶሎ የማታረጅ ፍጡር)፣ ከሺህ ዓመት በላይ ኖራለች። አብረው የተጓዙት 10 ዓመት ለእሷ የሳምንት ሽርሽር ነው። ከ50 ዓመት በኋላ ብቅ ስትል ያ መልከ መልካሙ የጉዞ ጓደኛዋ ሂመል አጥሮ፣ ራሱ ተመልጦ፣ ጢሙ ነጭ ሆኖ ይጠብቃታል።

ሂመል ሲሞት፣ ቀብሩ ላይ መጀመሪያ አታለቅስም። ሰውም ያማታል። አፈሩ ሳጥኑ ላይ ሲወድቅ ነው እንባዋ የሚመጣው፤ ለምን በደንብ ሳላውቀው ቀረሁ ብላ። እኔ እዚያ ጋ ሶፍት ፈልጌያለሁ፣ አትሳቁ።

ከ18ኛው ክፍል የሚጀምረው የአስማተኞች ፈተና ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ረዝሞብኛል።

ማንጋውን (የታሪኩን የሥዕል መጽሐፍ) ያነበባችሁ ደግሞ አደራ፣ አፋችሁን ያዙ።