ግንባር ላይ የተጻፈ ስም

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ቡራዩ

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ።

ቅዳሜ ሥራ ስላልነበረኝ ሐልሽታት የምትባል ከተማ ሄጄ መጣሁ። ከቪየና በባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ባቡሩ ማዶ፣ ጫካ ሥር ያወርድሻል። ከዚያ ሐይቁን በጀልባ ትሻገሪያለሽ። ገፈርሳን አስቢው፤ ግን በባሕር ዛፉ ፋንታ እንጦጦን የሚያስንቅ ገደል ቆሞበት። ቤቶቹ ገደሉ ላይ ተለጥፈው አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ነዋሪው 800 እንኳ አይሞላም። ቱሪስቱ ግን መርካቶ ነው! ቻይናዎች ከመውደዳቸው የተነሳ አገራቸው ላይ አምሳያዋን ሠርተዋል ሲሉኝ ሳቄ መጣ።

ተራራው ሆዱ ሙሉ ጨው ነው። 7,000 ዓመት ሲቆፍሩት ኖረው ዛሬም አላለቀም። ዋሻው ውስጥ ከ3,300 ዓመት በላይ የሆነው የእንጨት ደረጃ አለ፤ ጨው ስለያዘው አልበሰበሰም። አያቴ በአሞሌ ይገበያዩ እንደነበር ስታወራ እንስቅባት አልነበር? እነዚህም የከበሩት በጨው ነው።

እኔን ያስቀረኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው ከፍ ብላ ገደሉን ተጠግታለች። በገደልና በሐይቅ መሃል የመቃብር ቦታ ከየት ይምጣ? ስለዚህ ድሮ ከዓመታት በኋላ አጽሙን ያወጡት ነበር። የራስ ቅሉን አድርቀው፣ አበባ ሥለውበት፣ ስሙን ይጽፉበት ነበር። አንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ ከ1,200 በላይ ተደርድረዋል፤ ግማሽ ያህሉ የተሣሉ ናቸው። መጀመሪያ አማተብኩ። ቀስ እያልኩ ስጠጋ አንዱ ግንባሩ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ዞሮበታል፤ ከሥሩ ስሙ በጥቁር ቀለም፣ በጥንቃቄ። አንዷ የወርቅ ጥርስ አላት። በፈረንጅ 1983 ነው የሞተችው፤ እዚያ እንድትቀመጥ ተናዝዛ ስለነበር በ1995 አስገቧት። እኛ ዕድል ሲሆን «ግንባሩ ነው» እንላለን። እነሱ ስሙንም ጨምረውለታል።

ያኔ አባዬ ትዝ አለኝ። አምና ክረምት «መቃብሩ ላይ ያለው ጽሑፍ በዝናብ ታጠበ» ብለሽኝ፣ እሺ ብዬ ዝም አልኩ። አፈርኩ፣ እማዬ።

ዛሬ ለወንድሜ ብር ልኬለታለሁ። የዘይት ቀለም ይግዛ፤ በውሃ የሚበጠበጠውን እንዳይገዛ። ፊደሉ የሚያምር ሰው ይፈልግ። «መቶ አለቃ» የሚለውን ደግሞ «መ/አ» ብለው እንዳያሳጥሩት፤ አባዬ አይወድም ነበር፣ ታውቂያለሽ። የአባቱ፣ የአያቴም ስም ይግባ።

ሰው ሲመጣ ከዚያ ተራራ ጨው ትንሽ እልካለሁ። አንቺ ግን ደም ግፊትሽን አስቢ፤ ለጎረቤት ቡና ላይ ማሳያ ይሁንሽ።

ጽሑፉ ሲያልቅ ፎቶውን በቴሌግራም ይላኩልኝ። ከቅርብ ይነሳ፣ ፊደሉ እንዲነበብ።

ልጅሽ፣ ከቪየና