ለናይትሮ ትራክ የሚሸጠው ማርሚታ ያለ ማስተካከያ መመሪያ በመቅረቡ የቀረበ ቅሬታ

ለ፦ ምርቱን ለሚያመርተውና ለሚያከፋፍለው ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ ለ3.5 ሲሲ በሪሞት የሚነዳ ናይትሮ ትራክ የምትሸጡት ማርሚታ ሞተር እያቃጠለ ስለመሆኑ፣ መመሪያው እንዲስተካከልና ካሳ እንዲከፈል ስለመጠየቅ

ድርጅታችሁ በሜታኖልና በናይትሮሜቴን ነዳጅ ለሚሠራው በሪሞት የሚነዳ ትራክ የሚሸጠው የአሉሚኒየም ማርሚታ፣ ማለትም የጭስ ማውጫ፣ ከሞተሩ ጋር ከሚያያይዘው ቧንቧ (ማኒፎልድ) ጋር በአንድ ሳጥን ይመጣል። አብሮት ያለው ወረቀት ሦስት ሥዕል ብቻ ነው፤ አሮጌውን ፍታ፣ አዲሱን ግጠም፣ ቱቦውን ሰካ። ካርቡሬተሩ እንደገና መስተካከል እንዳለበት አንድም ቃል አይልም። ሞተራቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ዋስትና ሲጠይቁ ግን ከእናንተ የሚያገኙት መልስ «ተጠቃሚው በትክክል አላስተካከለም» የሚል ነው። ያልተነገረውን አላደረግክም ተብሎ ደንበኛ መወቀስ የለበትም። ምክንያቱን ከዚህ በታች በዝርዝር እናስረዳለን።

በእነዚህ ሞተሮች ላይ ማርሚታ ድምፅ ማፈኛ ብቻ አይደለም። ታንከሩ የነዳጅ ፓምፕ የለውም፤ ነዳጁን ወደ ካርቡሬተር የሚገፋው ከማርሚታው በቀጭን የሲሊኮን ቱቦ ወደ ታንከሩ የሚሄደው የጭስ ግፊት ነው። ስለዚህ ማርሚታ የቀየረ ሰው ሳያውቀው የነዳጁንም መጠን ቀይሯል። የእናንተ ማርሚታ የመጨረሻው ቀጭን መውጫ፣ በተለምዶ ጭራ የምንለው፣ ትራኩ ከፋብሪካ ይዞት ከሚመጣው ሰፋ ያለ ነው። የግፊት ቱቦው የሚሰካበት ጡትም ከሆዱ ተነሥቶ ወደ ጭራው ተጠግቷል። ሁለቱም የታንከሩን ግፊት ይቀንሳሉ። የነዳጅ መርፌው፣ ማለትም በካርቡሬተሩ ላይ የነዳጁን መጠን የሚወስነው ብሎን፣ በነበረበት ቦታ ቢቀመጥም ሞተሩ የሚያገኘው ነዳጅ ያንሳል፤ አየሩ ይበዛበታል፤ ድብልቁ ይደርቃል።

በመኪና ሞተር ላይ ቢሆን ጉዳቱ በዚህ ፍጥነት ባልመጣ ነበር። ናይትሮ ሞተር ግን ባለ ሁለት ምት ነው፤ የተለየ የዘይት ቋት የለውም። ዘይቱ ከሜታኖሉና ከናይትሮሜቴኑ ጋር አብሮ የተበጠበጠ ስለሆነ ነዳጅ ሲያንስ ዘይትም እኩል ያንሳል። ሙቀት የሚጨምረውና ቅባት የሚቀንሰው በአንድ ጊዜ ነው። አብዛኞቹ እነዚህ ሞተሮች የአሉሚኒየም ፒስተንና በክሮም የተለበጠ የነሐስ እጅጌ (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ) አላቸው፤ እጅጌው ወደ ላይ እየጠበበ ስለሚሄድ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ጠበቅ ይላል። የሞተሩ እመቃ ያለው በዚያ ጥብቀት ውስጥ ነው። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ጥብቀቱ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይነሣል፣ ሲሞቅ ግን አልነሣም ይላል። የቢዬላው (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ታችኛ ቡሽም ይጠቁራል። ይህ ሁሉ በሁለትና በሦስት ታንከር ውስጥ ሊደርስ ይችላል።

ምልክቱ ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው፤ ለጀማሪ ግን አሳሳች ነው። የደረቀ ሞተር ለጥቂት ደቂቃ ከመቼውም በላይ ፈጣን ይመስላል፤ ድምፁ ይሰላል፣ ጭሱ ይሳሳል። ገዢው «ማርሚታው ሠራ» ብሎ ደስ ሲለው ሞተሩ እየሞተ ነው። ጋዙን ሲለቅ ዙሩ ወዲያው ወደ ሚኒሞ (ሞተሩ ያለ ጋዝ ወደሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) አይወርድም፣ ከፍ ብሎ ይቆያል። ድብልቁን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ተፈትቶ ሲታይ ቀጭኗ የፕላቲነም ሽቦ አንጸባራቂነቷን አጥታ ግራጫ ሆናለች፤ አንዳንዴም ጥምዝምዟ ተጣምሞ ወደ አንድ ጎን ወድቋል። ወደ እናንተ ከተመለሱት ሞተሮች ካንዴላቸውን ብትመለከቱ ኖሮ ችግሩን ከዚያው ላይ ታነቡት ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ የማርሚታው ርዝመት ነው። እዚህ ላይ ሳጥኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ራሱ ስሕተት ነው፤ ለማንኛውም ትራክ ኃይል ይጨምራል ይላል። ለሁሉም ዙር እኩል ኃይል የሚጨምር ማርሚታ የለም። የጭስ በሩ ሲከፈት የሚወጣው የግፊት ሞገድ እየሰፋ ወደሚሄደው ክፍል ሲደርስ ስበት ፈጥሮ የተቃጠለውን ጭስ ይጎትታል። እየጠበበ ወደሚሄደው ክፍል ሲደርስ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያመልጥ የነበረውን ያልተቃጠለ ድብልቅ በሩ ከመዘጋቱ በፊት ወደ ሲሊንደሩ ይመልሰዋል። ጥቅሙ በሰዓቱ ከደረሰ ብቻ ነው። የጭስ በሩ ለ170 ዲግሪ ክፍት ይቆያል ብንልና ሞተሩ በደቂቃ 30,000 ዙር ቢዞር፣ በሩ የሚከፈተው ከአንድ ሺህኛ ሴኮንድ ላነሰ ጊዜ ነው። ሞገዱ በሴኮንድ 500 ሜትር ገደማ ቢጓዝ፣ ደርሶ ለመመለስ የሚበቃው ርቀት ከፒስተኑ ፊት እስከ መመለሻው ድረስ 236 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። በዚህ ላይ 10 ሚሊሜትር ብንጨምር የኃይሉ ጫፍ በ1,200 ዙር ያህል ወደ ታች ይወርዳል።

የእናንተ ማርሚታ ከነማኒፎልዱ አጭር ነው፤ ኃይሉ ያለው ከፍተኛ ዙር ላይ ነው። ቀላል መኪና ለስላሳ መንገድ ላይ ቢገጠምለት ጥሩ ዕቃ ነው፤ ይህን አንክድም። ትራክ ግን ከባድ ነው፣ ጎማው ትልቅ ነው፣ ከቆመበት ተነሥቶ አቀበት ይወጣል፣ አፈር ይገፋል። ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከዚያ ዙር በታች ነው። በዝቅተኛ ዙር አጭር ማርሚታ ሞገዱን ቀድሞ ይመልሳል፤ የገባው ድብልቅ በሩ ሳይዘጋ ተመልሶ ይወጣል። ውጤቱም ፍሪሲዮኑ ሲይዝ ሞተሩ መታፈኑና ሁለተኛው ማርሽ ዘግይቶ መግባቱ ነው። ገዢው ደግሞ መታፈኑን የነዳጅ ብዛት መስሎት መርፌውን የበለጠ ይዘጋል፤ ድርቀቱ ላይ ድርቀት ይጨመራል።

የማያያዣውን ጎማ ነገር አለማንሳት አይቻልም። በሥዕላችሁ ላይ ማኒፎልዱና ማርሚታው በሲሊኮን ጎማው ውስጥ ተራርቀው ይታያሉ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሲበዛ የጋለው ጭስ በቀጥታ ጎማውን ይመታዋል፤ ከውስጥ ይቃጠልና ይበሳል። የሁለቱ ቧንቧዎች አፍ ሳይነካካ ተቀራርቦ መቀመጥ አለበት፤ ርዝመት የሚስተካከለው ማኒፎልዱን በመቁረጥ ወይም በመቀየር ነው እንጂ ጎማውን በመለጠጥ አይደለም። በሳጥኑ ውስጥ የማኒፎልድ ጋስኬትም የለም። አሮጌው ጋስኬት ላይ የተገጠመ ማኒፎልድ ዙሪያውን ጥቁር ዘይት ያለቅሳል፤ እዚያ ያፈሰሰ ጭስ የታንከሩንም ግፊት የሞገዱንም ጥቅም ይዞ ይሄዳል፤ ሞተሩም አንዴ ደርቆ አንዴ ረጥቦ መስተካከያ ያጣል።

ወረቀታችሁ ሊናገር የሚገባው አንድ ገጽ አይሞላም። ማርሚታው እንደተገጠመ፣ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት፣ የከፍተኛ ዙር መርፌው ከነበረበት ሩብ ዙር ወደ ግራ ይከፈት። ሞተሩ ተነሥቶ በደንብ ይሙቅ፤ በቀዝቃዛ ሞተር መርፌ ማስተካከል ራስን ማታለል ነው። ከዚያ በሙሉ ጋዝ እየነዱ መርፌውን በአንድ ጊዜ ከ1/12 ዙር ሳያልፉ መዝጋት፣ ማለትም የሰዓት ጠቋሚ ከአንድ ሰዓት ወደ ሌላው የሚሄደውን ያህል ብቻ። በሙሉ ጋዝም ቢሆን የሚታይ ሰማያዊ ጭስ መኖር አለበት። በካንዴላው አጠገብ የሚለካው ሙቀት ከ95 እስከ 125 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን መልካም ነው፤ 135 ከደረሰ ማቆምና መርፌውን መክፈት ነው። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው የሞተሩ ራስ ላይ አንድ ጠብታ ውኃ ያድርግ፤ ጠብታዋ እንደነካች ቱስ ብላ ከጠፋች ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሏል።

የዝቅተኛ ዙር መርፌ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። በሚኒሞ እየሠራ ካርቡሬተሩ አጠገብ የነዳጁን ቱቦ በጣት ቆንጥጦ መያዝ፤ ዙሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ከ2 እስከ 4 ሴኮንድ ውስጥ ከጠፋ ተስማምቷል። ወዲያው ከጠፋ ደርቋል፣ ከዚያ በላይ ከቆየ ነዳጅ በዝቶበታል። ሚኒሞው ራሱ የሚስተካከለው መጨረሻ ላይ ነው። በመጨረሻም የግፊት ቱቦው የማርሚታውን አካል እንዳይነካ መታሰር አለበት፤ ከቀለጠና ከተበሳ የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ስለሆነም የሚከተሉትን እንጠይቃለን። ሳጥኑ ላይ ማርሚታው የሚስማማው የሞተር መጠን፣ ጭስ በሩ የኋላ ይሁን የጎን፣ ከፒስተኑ ፊት ያለው ርዝመትና ኃይሉ የሚመጣበት የዙር ክልል ይጻፍ፤ «ለማንኛውም ትራክ» የሚለው ይውጣ። ከላይ የዘረዘርነው ዓይነት የማስተካከያ መመሪያ በእያንዳንዱ ሳጥን ይግባ፤ ለገዙትም ይላክላቸው። ጋስኬትና ትክክለኛ ልክ ያለው ማያያዣ ጎማ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይጨመር። ለትራክ የሚሆን ረዥም ማኒፎልድም ለገዙት በለውጥ ይቅረብ፤ ማርሚታውን መጣል ሳያስፈልግ የኃይሉን ጫፍ ወደ ታች ለማውረድ ከሁሉ ቀላሉ መንገድ ይኸው ነው።

የተመለሱትን ሞተሮች በተመለከተ፣ ዋስትና የተከለከሉት ጉዳያቸው እንደገና ይታይ። ፒስተን፣ እጅጌና ቢዬላ ለተበላሸባቸው የመለዋወጫው ዋጋ ይከፈላቸው። ምርመራው ሲደረግ ካንዴላው፣ የማኒፎልዱ መጋጠሚያና የመርፌው የዙር ቁጥር በጽሑፍ ተመዝግበው ለባለቤቱ ይሰጡ።

ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን። መመሪያው ተስተካክሎ እስኪወጣ ድረስ ደግሞ አሁን በእጃችሁ ያለው ዕቃ ቢያንስ «ከተገጠመ በኋላ የካርቡሬተሩ መርፌ ሳይከፈት ሞተር አይነሣ» የሚል ቀይ ወረቀት ተለጥፎበት እንዲሸጥ አጥብቀን እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር

የናይትሮ ትራክ ነጂዎችና የሞተር ጠጋኞች
ፊርማ ____________