ከቦራ ጉበት የተወሰደችው ስጋ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት አንድ አንባቢ በዚሁ ገጽ ላይ «በቁሟ ካለች ላም ጉበት ስጋ መውሰድ ምርመራ ሳይሆን ጭካኔ ነው፤ ከታመመች ወይ ትታከም ወይ ትታረድ» ብለው ጽፈዋል። ዓምና ቢሆን እኔም ይህንኑ እል ነበር። ሳቢያን ውስጥ ሦስት ክልስ ላሞች አሉኝ። አሉኝ ስል ለምዶብኝ ነው፤ አሁን ሁለት ናቸው።

ቦራን ቦራ ያልናት ግንባሯ ነጭ ስለሆነ ነው። በቀን 11 ሊትር ትታለብ የነበረችው ወደ 4 ወረደች፣ ከሳች፣ ያስቀምጣት ጀመር። ከዚያ ያ ነጭ ግንባሯ እሳት እንደነካው ቆዳ ይላጥ ገባ፤ ጥቁሩ ገላዋ ግን ደህና ነበር። ጎረቤት «ቡዳ ነው» አለ። እኔ የድሬ ፀሐይ ነው ብዬ ዳስ ጣልኩላት። ለካ ላም ከምትበላው ቅጠል አረንጓዴው ነገር ሲፈጭ የሚተርፈውን የሚያስወግደው ጉበት ኖሯል፤ ጉበት ሲደክም ያ ትራፊ ከደም ጋር ይዞርና ፀሐይ ሲያገኘው ነጩን ቆዳ ያቃጥላል። ይህን ያስረዳችኝ አንዲት ወጣት የእንስሳት ሐኪም ናት።

ከእሷ በፊት ስምንት ወር ሙሉ «የጉበት ትል ነው» እየተባለ መድኃኒት ስንግታት ከረምን። በእበቷ ውስጥ የትል እንቁላል አልተገኘም፤ ትሉ ገና ካልጎለመሰ እንቁላል አይጥልም ተባለና አሁንም ጋትናት። የደም ምርመራው የጉበቷ ኢንዛይም፣ ጉበት ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈሰው ማለት ነው፣ ከፍ ማለቱን አሳየ። እኔ ጉልበቴን በምድር ባቡር ጋራዥ የጨረስኩ ሰው ነኝ። የፉርጎ ጎማ በመዶሻ እየመታን ጤነኛውን ከተሰነጠቀው በድምፁ እንለይ ነበር። ድምፁ ችግር እንዳለ ይናገራል፤ ስንጥቁ ከምን እንደመጣ ለማወቅ ግን ፈትቶ ማየት ነው። የደም ምርመራም ከመዶሻው ብዙ አይርቅም።

ሐኪሟ «አባባ፣ ከጉበቷ ትንሽ ስጋ እንውሰድ» ስትለኝ ጎረቤቴ ሰምቶ «አቦ ተው! ይቺ ልጅ ላምህን ልትገድልብህ ነው» አለኝ። እሷ ግን ዘላ መርፌ አልሰካችም። መጀመሪያ ደሟን በብልቃጥ ቀድታ፣ ሰዓቷን እያየች እስኪረጋ ጠበቀች፤ ደም የሚያረጋው ነገር የሚሠራው ጉበት ውስጥ ስለሆነ ቢዘገይ ኖሮ ትተወው ነበር። ቀጥላ በአልትራሳውንድ አየች፤ ከውሻ ትል የሚመጣ የውሃ ከረጢት ካለና ከተወጋ ጣጣው ብዙ ነው። ከዚያ በቀኝ ጎኗ ከ10ኛውና ከ11ኛው የጎድን አጥንት መሀል ፀጉሯን ላጨች፣ አደነዘዘች፣ ወጋች። የወጣው ስጋ ርዝመቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ የክብሪት እንጨት እንኳ አያክልም። ቦራ ትንሽ ቆይታ ወደ ግርግሟ ተመለሰች።

የእኔ ንዴት ሌላ ቦታ ነው። ያችን ስጋ ስሙን የማልጠራው አንድ ቤተ ሙከራ «እንዳትበላሽ» ብሎ ፍሪዘር ውስጥ ከተታት! ውርጩ ሕዋሳቱን ሰነጣጥቆ ለማይክሮስኮፕ የማትሆን አደረጋት። የሚያስፈልገው በረዶ ሳይሆን የስጋዋን አሥር እጥፍ የሚሆን 10 በመቶ ፎርማሊን፣ ስጋ እንዳይበሰብስ የሚይዘው ፈሳሽ ነበር። ቦራ ለሁለተኛ ጊዜ ተወጋች።

ውጤቱ በሦስት ሳምንት መጣ። ትል የሄደበት ምልክት የለም፤ ያለው ጠባሳና ያለመጠን የበዙ የሐሞት ቧንቧዎች ናቸው። «ይኼ የመርዝ ነገር ነው፤ ስጋው የመርዙን ስም አይነግረንም። ምንድን ነበር የሚያበሏት?» አለችኝ። ከባቢሌ የሚመጣው ለውዝ ሲለቀም የሚወድቀውን በርካሽ ገዝቼ፣ አብልጣ ስለምትታለብ ለእሷ እሰጣት ነበር። ጆንያውን ስንዘረግፈው ውስጡ አረንጓዴ ሻጋታ ሆኗል። በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች የፈጀው፣ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ የታወቀውም በሻገተ የለውዝ መኖ ነው። የባቢሌን ለውዝ ስም እያጠፋሁ አይደለም፤ ጆንያውን የውሃ በርሜል ሥር ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። የከበደኝ ወተቱ ነው። መርዙ ወደ ወተት ያልፋል፣ ማፍላትም አያጠፋውም፤ የልጅ ልጆቼ ሲጠጡት ከርመዋል።

ቦራ አልዳነችም። ከሁለት ወር በኋላ ሞተች፤ ጎረቤቴ እስከ ዛሬ «መርፌው ነው» ይላል። ሐኪሟ ከፍታ ስታሳየኝ ጉበቷ እንደ ጫማ ሶል ደርቋል፤ መርፌው የገባበት ደግሞ ድኖ ነጥብ ሆኗል። እንደ ጸሐፊው ምክር ቀደም ብዬ አሳርጃት ቢሆን ጆንያው እዚያው ይቀር ነበር፤ ቀጥላ የምትበላው ልጇ ናት።

ስጋው የሚወሰደው ከአንጀት ከሆነ ግን ጸሐፊው ጥቂት እውነት አላቸው። ለውሻ በአፍ በሚገባ ካሜራ ይቆነጠራል፤ ለላም ግን ሆድ መክፈት ይጠይቃል። ስላስቀመጣት ብቻ ላሜን አላስከፍትም።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። በየእንስሳት ክሊኒኩ አንድ ብልቃጥ ፎርማሊንና አንድ መርፌ ይኑር። ቄራም ቢሆን ተቆጣጣሪው የተበላሸ ጉበት ቆርጦ ከመጣሉ በፊት ስስ ቁራጭ ያስቀር። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ከእኛ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ብልቃጡን የሚያደርስ ሚኒባስ ከድሬ ቀኑን ሙሉ ይወጣል።

የቀድሞ የምድር ባቡር መካኒክ
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ