ሊንዲስፋርን ለማደር መጀመሪያ የባሕሩን ሰዓት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በእንግሊዝ ባሕር ዳርቻ ባለ የገጠር ፐብ (ምግብም የሚያቀርብ፣ አንዳንዱም ማደሪያ ክፍል ያለው መጠጥ ቤት) መብላትና ማደር ለሚያስቡ አንባቢዎቻችሁ ጥቂት ነገር ልበል።

በሰሜን ምሥራቅ ያለውን የሊንዲስፋርን ደሴት እንውሰድ። የመኪናውን መንገድ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይውጠዋል። ስለዚህ ክፍል ከመያዝ በፊት የአካባቢው አስተዳደር የሆነው የኖርዘምበርላንድ ካውንስል የሚያወጣውን የመሻገሪያ ሰዓት ማየት ግድ ነው። ሰንጠረዡ በፈረንጅ የሰዓት አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ሰዓት ያነበበ ሰው መኪናውን ውሃ ውስጥ ያገኘዋል። ነፋስ ሲበረታ ደግሞ ውሃው ከተጻፈው ሰዓት ቀድሞ ሊመጣ ስለሚችል መጨረሻ ደቂቃ ላይ መሻገር ሞኝነት ነው።

የፐብ ወጥ ቤት ብዙ ጊዜ ቀኑን ሙሉ አይሠራም። በብዙዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ የምሳ ትእዛዝ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የእራቱ ደግሞ ምሽት 3 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። አስተናጋጅ ይመጣል ብሎ መቀመጥም ከንቱ ነው፤ በአብዛኛው የጠረጴዛውን ቁጥር ይዞ ባንኮኒው ላይ ማዘዝ ነው። በእጅ ፓምፕ የሚቀዳው ቢራ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሲየስ ሙቀት ስለሚቀርብ «ሞቋል» ብሎ መመለስ አያስኬድም።

ጾመኛ ግን ይጠንቀቅ፦ በሰሜን እንግሊዝ ድንች ጥብሱ ብዙ ጊዜ በከብት ሞራ ይጠበሳል። «ሥጋ አለው?» ከማለት «በምንድን ነው የተጠበሰው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሾርባውም ብዙ ጊዜ ቅቤ ወይም ክሬም አያጣም።

ክፍሉ ከመጠጥ አዳራሹ በላይ ከሆነ ጫጫታው እስከ መዝጊያው ሰዓት ስለማያስተኛ፣ ሲይዙ የጓሮውን ይጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ