ኳንታይዝ የእጃችንን ጊዜ እየደመሰሰ ስለመሆኑ የቀረበ ቅሬታ

ለሙዚቃ መቅረጫ ፕሮግራሙ አምራች ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ ከመጨረሻው አፕዴት በኋላ በሚዲ (የተመቱ ኖታዎችን በመልእክት መልክ የሚያስተላልፍ ሥርዓት) ኳንታይዝ ላይ የተፈጠረው ብልሽት እንዲታረም ስለመጠየቅ

ይህን ቅሬታ የምናቀርበው ፕሮግራማችሁን በየዕለቱ የምንሠራበት አቀናባሪዎች ነን። አዲሱ አፕዴት ከተጫነ ወዲህ ኳንታይዝ፣ ማለትም ኖታዎችን ወደ እኩል የጊዜ መስመሮች የሚያስጠጋው መሣሪያ፣ የኖታዎችን ጊዜ ከማስተካከል አልፎ መጀመሪያ የተመቱበትን ቦታ ጨርሶ እያጠፋ ነው። ከሌሎቹ ጥፋቶች ሁሉ የከፋው ይህ ስለሆነ እሱን እናስቀድማለን።

እየቀረጹ ኳንታይዝ የማድረጉ ምርጫ ቀድሞ ካልበራ በቀር ዝግ ነበር። አሁን አዲስ ትራክ በተከፈተ ቁጥር በርቶ ይገኛል፤ ግሪዱም (ኖታዎች የሚጠጉባቸው የጊዜ መስመሮች) ሁልጊዜ 1/16 ላይ፣ ማለትም አንዱን ቢት ለአራት በሚከፍለው ላይ ነው። ቁልፉ ሲመታ ኖታው ግሪዱ ላይ ተለጥፎ ይመዘገባል፤ በትክክል የተመታበት ቲክ (ፕሮግራሙ ጊዜን የሚቆጥርበት ትንሹ ክፍል) የትም አይቀመጥም። ወደኋላ መመለሻው ሲጫን ቀረጻው በሙሉ ይሰረዛል እንጂ ኖታው ወደ ቦታው አይመለስም። ከቀረጻ በኋላ በትዕዛዝ የተደረገ ኳንታይዝም ቢሆን ፕሮጀክቱ ተዘግቶ ከተከፈተ መመለሻ የለውም።

የሚጠፋውን በቁጥር እንይ። ቴምፖው በደቂቃ 120 ቢት፣ የአንድ ቢት ክፍፍል 960 ቲክ ሲሆን ቢቱ 500 ሚሊሰከንድ፣ አንዱ ቲክ ደግሞ 0.52 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ሁለተኛው ቢት ላይ የተመታ ባለ አራት ኖታ የፒያኖ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ከመነሻው ሲቆጠር 941፣ 948፣ 957 እና 966 ቲክ ላይ ገባ እንበል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 25 ቲክ፣ ማለትም 13 ሚሊሰከንድ ነው። ኮርዱ ከታች ወደ ላይ ሲዘረጋ የሚሰማው በዚህች ክፍተት ነው። ከኳንታይዝ በኋላ አራቱም 960 ላይ ይደረደራሉ፤ ጆሮ የሚደርሰው አንድ ድፍን ምት ብቻ ይሆናል። ክፍተቱን ያመጣው ኬብሉ ነው እንዳይባል፣ በሰከንድ 31,250 ቢት (የሙዚቃ ሳይሆን የዳታ ቢት) በሚያስተላልፈው የሚዲ ኬብል አንድ የኖታ መልእክት 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅ አራተኛው ኖታ ከመጀመሪያው የሚዘገየው 3 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። የቀረው የተጫዋቹ እጅ ነው።

«50 ፐርሰንት ብቻ አስጠጉት»፣ ማለትም ኖታው ወደ ግሪዱ ግማሽ መንገድ ብቻ ይሂድ የሚለው ምክራችሁም አላዋጣም። ትዕዛዙ በተደገመ ቁጥር ፕሮግራሙ የሚያሰላው ከመነሻው ሳይሆን ኖታው አሁን ካለበት ቦታ ነው። ከግሪዱ 16 ቲክ ርቆ የነበረ ኖታ ትዕዛዙ አንዴ ሲሰጠው 8፣ ሲደገም 4፣ ሲሠለስ 2 ቲክ ይቀረዋል። አንዱን ባር (አራት ቢት) አንዴ፣ ቀጣዩን ሁለቴ የነካ ሰው ሁለቱ ለምን እንደማይገጥሙ ሲፈልግ ይውላል፤ ሁለቱም ጋ የተጻፈው 50 ነውና።

የፔዳሉ ነገር ደግሞ ፒያኖ ለሚቀርጽ ሁሉ የየዕለት ጣጣ ሆኗል። ኳንታይዙ ኖታዎቹን ሲያነሳ የፔዳሉን መልእክት፣ ማለትም ድምፁን የሚያቆየውን ኮንትሮለር 64ን፣ ባለበት ይተወዋል። ሁለተኛው ባር የሚጀምረው 3840 ላይ ነው። ተጫዋቹ አዲሱን ኮርድ ትንሽ ቀደም ብሎ 3780 ላይ መትቶ ፔዳሉን 3800 ላይ ቢለቅ፣ አሮጌው ኮርድ የሚጠፋው አዲሱ ከገባ ከ20 ቲክ በኋላ ነው፤ ሁለቱ ይያያዛሉ። ኮርዱ ወደ 3840 ሲጎተት ግን ፔዳሉ እዚያው 3800 ላይ ይለቀቃል። በመካከል 40 ቲክ፣ ወደ 21 ሚሊሰከንድ የሚጠጋ ባዶ ቦታ ይከፈትና ሙዚቃው ይቆራረጣል። ኖታው የተጓዘውን ያህል የሱ ፔዳልም አብሮት መጓዝ ነበረበት።

የርቀት ገደቡ ለምን እንደተነሳ ሊገባን አልቻለም። ቀድሞ ከግሪዱ ከተወሰነ ርቀት በላይ ያለውን ኖታ አትንካ ማለት ይቻል ነበር። አሁን የ1/16 ግሪድ በመካከሉ ያለን ትሪፕሌት (ቢቱን ለሦስት እኩል የሚከፍሉ ኖታዎች) ሳይቀር ይጎትታል፤ 0፣ 320 እና 640 ላይ የነበሩት ኖታዎች 0፣ 240 እና 720 ላይ ያርፋሉ። በስኔር (ከበሮ) ላይ ደግሞ 930 እና 960 ላይ የተመቱ ሁለት ምቶች ሁለቱም 960 ላይ ሲወድቁ አንደኛው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይሰረዛል።

ለመጀመሪያው አቤቱታችን የሰጣችሁን መልስ «ባፈሩን ቀንሱ» የሚል ነበር፤ ባፈር ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበት ማቆያ ነው። በሰከንድ 48,000 ሳምፕል ሲሠራ 256 ሳምፕል የሆነ ባፈር የሚያዘገየው 5.3 ሚሊሰከንድ ነው፤ እሱም ሁሉንም ኖታ እኩል ያዘገያል እንጂ በኖታና በኖታ መካከል ያለውን ርቀት አይለውጥም። የኛ ቅሬታ ስለዚህ ርቀት ነው።

ስለዚህ የተመታበት ቲክ ከእያንዳንዱ ኖታ ጋር በፕሮጀክቱ ፋይል ውስጥ እንዲቀመጥና ኳንታይዝ ሁልጊዜ ከሱ ተነስቶ እንዲያሰላ፣ እየቀረጹ ኳንታይዝ ማድረጉ ካልተመረጠ ዝግ እንዲሆን፣ ፔዳሉ ከኖታው ጋር እንዲሄድ፣ የርቀት ገደቡም እንዲመለስ እንጠይቃለን። አንድ ቦታ ላይ የሚገጥሙ ምቶች ከመሰረዛቸው በፊት ፕሮግራሙ ይጠይቀን። እስኪታረም ድረስ ከአፕዴቱ በፊት የነበረውን ቅጂ ማውረጃ ክፈቱልን። ከላይ የጠቀስናቸው ቲኮች ያሉበትን ባለ አራት ባር ፕሮጀክት፣ ኳንታይዝ ከመደረጉ በፊትና በኋላ፣ ከደብዳቤው ጋር አያይዘናል።

ከሰላምታ ጋር
የፕሮግራሙ ተጠቃሚ አቀናባሪዎች