እማዬ፣ ደህና ነኝ አትበይኝ

እማዬ እንዴት ሰነበትሽ፣ ስልክ ላይ ልነግርሽ ስል "ካርድሽ አለቀ ልጄ" እያልሽ ትዘጊብኛለሽ፣ ለዛ ነው በቴሌግራም የምጽፍልሽ፣ መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢው። እኛ ደህና ነን። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ጣሪያ ላይ ካልወረወርኩ ብላ ግቢውን አስጨንቃው ነበር፣ ወንዱ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ይገባል፣ ደብተሩን ገዝቼ ጨርሻለሁ፣ ዩኒፎርሙ ነው የቀረኝ።

እና ሰማሁ። እህቴን እንዳትቆጪያት፣ እኔ ነኝ አስጨንቄ ያወጣጣኋት። የፍልሰታ ፍቺ ዕለት ዶሮውን አላምጠሽ አላምጠሽ በነጠላሽ ጫፍ እንዳወጣሽው፣ ከዛ ወዲህ እንጀራውን በሽሮ እያራስሽ በአንድ ጎን ብቻ እንደምትውጪ፣ ሌሊት ጆሮሽን ይዘሽ ቁጭ እንደምትይ ነገረችኝ። እኔ ስደውል ግን "ትንሽ ብርድ መቶኝ ነው"። ይሄን ሁሉ ቀን ብርድ? ቀሚስሽም ሰፍቶሻል አለች።

ብሪጁን፣ በወለቀው ጥርስሽ ቦታ የተተከለውን ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ አስገቢ ብዬ የጨቀጨቅኩሽ እኔ ነኝ፣ አንቺማ "ለቀረኝ ዕድሜ ምን ያደርግልኛል" ብለሽ ነበር። ያን ቀን ሀኪሙ "ንከሺ፣ እንዴት ነው?" ሲልሽ በማደንዘዣ አፍሽ እንደጠመመ "ጥሩ ነው" አልሽ፣ እኔም አጠገብሽ ቆሜ ጥሩ ነው አልኩ። የደነዘዘ አፍ ምን ያውቃል እማዬ። እዚህ አዳማ አንዲት የጥርስ ሀኪም ጠየቅኩ፣ አዲሱ ጥርስ ከሌሎቹ የፀጉር ውፍረት ያህል እንኳን ከፍ ካለ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው፣ መንጋጋ ደግሞ እሱን ለመሸሽ ወደ ጎን ሲሄድ ጡንቻው ይደክማል፣ ጆሮ ፊት ለፊት ያለው መጋጠሚያ ያማል፣ ያመማት ጆሮዋ ላይሆን ይችላል አለችኝ። ለዚህ ቅርንፉድ ምንም አይሰራም። ቀለም ያለው ቀጭን ወረቀት አስነክሰው ከፍ ያለውን ቦታ ይሞርዱታል፣ ብዙ ጊዜ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥሽ ያልቃል። ደህናውን ጥርስሽን ግን እንሞርድ ካሉ እንቢ በይ፣ አንዴ ከተሞረደ አይመለስም።

ግን የሚያንገበግበኝ ጥርሱ አይደለም። አባዬ ሲታመምም እንዲሁ ነው ያደረግሽኝ። ማትሪክ ላይ ነች ብለሽ፣ "አባትሽ ገጠር ወርዷል" ብለሽ፣ ዕድሩ ሲያውቅ፣ ጎረቤት ሲያውቅ፣ ባለሱቁ እንኳን ሲያውቅ እኔ ብቻ ሳላውቅ፣ የመጨረሻውን ፈተና ጨርሼ እየሳቅኩ ስመጣ በራችን ላይ ድንኳን። ለኔ ብለሽ ነው፣ ከወለድኩ ወዲህ ገብቶኛል፣ ግን ገብቶኝም አልለቀቀኝም። ደህና ነኝ ባልሽኝ ቁጥር ያ ድንኳን ነው ፊቴ ላይ የሚመጣው።

ስለዚህ ይሄን በእውነት መልሺልኝ። ምንም ሳታኝኪ፣ ደረጃ ስትወጪ መንጋጋሽን ይይዝሻል? ደረትሽንስ ያፍንሻል? አራተኛ ፎቅ እኮ ነው ያለሽው፣ የልብ ህመም መንጋጋ ላይም ይወጣል አለችኝ። ስታበጥሪ ጭንቅላትሽ ጎን ያምሻል? አይንሽ ብዥ ይልብሻል? አንዱም ካለ እኔን አትጠብቂ፣ እህቴ የዛኑ ቀን ሆስፒታል ትውሰድሽ። እፈራለሁ እማዬ።

ያንን ከፋርማሲ የምትገዢውን ዳይክሎፌናክ ደግሞ ተይው፣ ግፊትሽን ይጨምርብሻል፣ እኔ እስክመጣ ፓራሲታሞል ይብቃሽ። ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክረሽ ጨምቀሽ ጉንጭሽ ላይ ያዢ፣ እንዳያቃጥልሽ ብቻ። ስታዛጊ አገጭሽን በእጅሽ ደግፊው። ዝም ስትይ ከንፈርሽ ይገጠም፣ ጥርስሽ ግን አይነካካ። አንቺ ነገር ስታስቢ ጥርስሽን ግጥም ታደርጊያለሽ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይሽ ነበር፣ አባዬ ከሞተ በኋላማ ባሰብሽ።

ቅዳሜ ጠዋት በፈጣን መንገዱ እመጣለሁ። ከአዳማ ቱሉ ዲምቱ ክፍያ ጣቢያ ድረስ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ ከሰኔ ወዲህ አንዴም አልመጣሁም፣ ስራ በዝቶብኝ ነው ብልሽ ውሸት ነው፣ ይቅር በይኝ። የክሊኒኩን ካርድ ፈልገሽ አውጪው፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ ከአባዬ ፎቶ ጀርባ ነው ያደረግሽው። ለእንቁጣጣሽ ዶሮ እንዳትገዢ። አጥሚቱን እኔ እሰራልሻለሁ፣ እህሉን ይዤ ነው የምመጣው።

ልጅሽ