ደብዳቤ ለልጄ፦ ብርጭቆና የሠርግ ካርድ

ደሴ፣ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ትናንት ማታ እህትሽ ደውላ የነገረችኝ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኝ ስላደረ ነው። በመስቀል ዋዜማ ሌሊት መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ አንድ ትልቅ ሸረሪት አይተሽ፣ በሩንና መስኮቱን ዘግተሽ አንድ ሙሉ ቆርቆሮ ፍሊት እንደነፋሽበት፣ ልጁም ከጎን ባለው መኝታ ቤት እስኪነጋ ሲያስል አድሮ በማግስቱ ድንገተኛ ክፍል ድረስ እንደወሰድሽው ሰማሁ። አሁን ተሽሎታል ብላኛለች። ቢሻለውም ከሁሉ አስቀድመሽ ይህን አንድ ቃል ያዢልኝ፦ ሕፃን በሚተኛበት ቤት መርዝ አትንፊ።

የአያትሽን አስም መቼም አልረሳሽውም። ትራስ ተደግፋ፣ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ጨብጣ፣ ቁጭ ብላ የምታነጋበትን ሌሊት አንቺም እህትሽም አይታችኋል። ያ የደረት ነገር በዘራችን አለ፤ አንቺን ዘሎ ልጅሽ ላይ እንዳያርፍ እፈራለሁ። በቆርቆሮ የሚሸጠው ፍሊት አብዛኛውን ጊዜ ፓይረትሮይድ የሚባል መርዝ አለበት፤ ከፓይረትረም አበባ የሚወጣውን መርዝ አስመስለው የሠሩት ሲሆን የሚገድለውም ነርቭ እያወከ ነው። ሰውን እንደ ነፍሳት እንደማይጎዳ አውቃለሁ። ነገር ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲታመቅ ጉሮሮ ይለበልባል፣ አስም ያለበትን ደረት ይቀሰቅሳል፤ ወለልና ምንጣፍ ላይ ያረፈውንም መሬት ለመሬት የሚጫወት ልጅ በእጁ ነክቶ ወደ አፉ ይወስደዋል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እንዳነበብሽ መስኮቱን ክፈቺ፣ ገንዳውንና ወለሉን በሳሙና እጠቢ፣ መጫወቻዎቹንም አጥበሽ አድርቂ። ሳሉ ከተመለሰ ቆርቆሮውን ይዘሽ ሂጂ፤ ሐኪሙ በላዩ የተጻፈውን የመርዝ ስም ማየት አለበት። በምትኖሪበት አገር በአሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከል በ1-800-222-1222 ሌት ተቀን ያለ ክፍያ መልስ ይሰጣል፤ ቁጥሩን ፍሪጁ በር ላይ ለጥፊው።

አሁን ስለ ሸረሪቱ ልንገርሽ። ለእህትሽ የላክሽላትን ፎቶግራፍ እርሷ ወደ እኔ አስተላልፋልኝ፣ መነጽሬን አድርጌ አጉልቼ አየሁት። ቡናማ ነው፤ ከነእግሮቹ የአንቺን መዳፍ ይሞላል፤ ከአፉ ፊት ለፊት ጫፋቸው እንደ ቦክሰኛ ጓንት ያበጠ ሁለት አጫጭር እጆች አሉት። እነዚያ ያበጡ ጫፎች ወንድ መሆኑን ይናገራሉ። በእናንተ በሲያትል ትልቁ የቤት ሸረሪት የሚባለው ነው፤ ዘሩ ከአውሮፓ የመጣ ነው። ሴቷ ምድር ቤት ጥግ ላይ እንደ ጨርቅ የተነጠፈ ድሯን ዘርግታ ቀዳዳዋ ውስጥ ትቀመጣለች። ወንዱ ግን በእናንተ አቆጣጠር ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ ድሩን ትቶ ሴት ፍለጋ ይዞራል፤ በዓመቱ ውስጥ በዚህ ወቅት ብቻ ሳሎናችሁ ውስጥ ሲሮጥ የምታዪው ለዚህ ነው። አንቺን ብሎ የመጣ መስሎሽ ይሆናል፤ እርሱ ግን አንቺ መኖርሽንም አያውቅም። ከፍሳሽ ቱቦው ወጥቶም አይደለም፤ የቱቦው ጉብጠት ውሃ ቋጥሮ ስለሚዘጋው በዚያ በኩል መንገድ የለም። ሲዞር ወይም ውሃ ሲፈልግ ከገንዳው ጠርዝ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ይህ ዓይነቱ ሸረሪት ልሙጥ ነገር መቧጠጥ ስለማይሆንለት መውጫ አጥቶ፣ ግማሽ ድረስ እየወጣ እየተንሸራተተ ሲደክም አደረ። አንድ ፎጣ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ብታንጠለጥዪለት ኖሮ በእርሱ ላይ ተንጠላጥሎ፣ ሳትነኪው ወጥቶ በሄደ ነበር።

በፎቶግራፉ ላይ እግሮቹን ሁሉ ወደ ሆዱ ሰብስቦ ተገልብጧል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለተማሪዎቼ ያስተማርሁት ነገር ስለሆነ አንጀቴን በላው። ሸረሪት እግሩን የሚያጥፍበት ጡንቻ አለው፤ ዋና ዋናዎቹን መገጣጠሚያዎች የሚዘረጋው ግን በጡንቻ አይደለም፣ በሰውነቱ ፈሳሽ ግፊት ነው። ሲሞት ግፊቱ ይወድቃል፤ ጡንቻው ብቻ ይቀርና እግሮቹ ይታጠፋሉ። እኔ ይህን ትምህርት ስጀምር ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብዬ እጽፍ ነበር፤ ተማሪዎቹም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡት ነበር። ክፍል ውስጥ እንዲህ እያስተማርሁ ቤቴ ውስጥ ምን እንዳደረግሁ ግን አንቺ ታውቂያለሽ፤ ወይም ረስተሽው ፍርሃቱ ብቻ ቀርቶብሻል።

ሆጤ በነበረው የኪራይ ቤታችን፣ በ1989 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ስድስት ዓመትሽ ነበር። እናትሽ ለቅሶ ሄዳ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ፋኖስ አብርተን ማጀት ውስጥ ቁጭ ብለን ሳለ ከማገዶው ሥር አንዲት ሸረሪት ወጣች። ጀርባዋ ሻካራ፣ እንደ ሱፍ የተጎናጎነ መስሎ ታየኝ። ቀረብ ብዬ ማየት ይገባኝ ነበር፤ አላየሁም። ጫማዬን አውልቄ መታኋት። ያን ጊዜ ከጀርባዋ ላይ ትንንሾቹ ልጆቿ እንደ ፈሰሰ ጤፍ በየአቅጣጫው ተበተኑ። አዳኝ ሸረሪት ነበረች፤ እርሷና ዘመዶቿ ዕንቁላላቸውን በከረጢት ጠቅልለው ከኋላቸው አንጠልጥለው ይዞራሉ፣ ሲፈለፈሉም ልጆቹን ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ በጀርባቸው ያዝላሉ። ይህንንም አስተምር ነበር። በዚያች ሌሊት ግን ደንግጬ «ወደ ኋላ በይ! ይነድፉሻል!» ብዬ ጮኽሁብሽ፤ ምድጃው ላይ የነበረውን የፈላ ውሃ አንሥቼ ወለሉ ላይ ደፋሁት። አንቺ መደቡ ላይ ወጥተሽ፣ ቀሚስሽን በሁለት እጅሽ ጨብጠሽ፣ «አባዬ፣ እናታቸው ነበረች?» አልሽኝ። እኔም «ዝም በይ፣ ተኚ» አልሁሽ።

እናትሽ መጥታ «ይህች ልጅ ምን ሆና ነው የምትንቀጠቀጠው?» ብትለኝ «ቅዠት ነው» ብዬ ዋሸኋት። እስከ ጥምቀት ድረስ በእኛ መካከል ተኛሽ። ነፍሷን ይማረውና፣ እውነቱን ሳልነግራት ሄደች። ጎረቤታችን የነበሩት ሼኽ ግን በማግስቱ ቡና ላይ ነገሩን ስነግራቸው አቀርቅረው «ሸረሪት እኮ በእኛ ዘንድ ባለውለታ ናት» አሉኝ፤ ነቢዩ ሙሐመድና አቡበክር በሰውር ዋሻ ተሸሽገው ሳለ ሸረሪቷ በዋሻው አፍ ላይ ድሯን አድርታ ከአሳዳጆቻቸው እንደሰወረቻቸው የሚነገረውን አጫወቱኝ። እኔ የሳይንስ መምህር ነኝ ብዬ በአክብሮት ሰምቼ ዝም አልሁ። ዛሬ ሳስበው እርሳቸው ከእኔ ይልቅ በዚያች ቤት ውስጥ ምን እንደተበላሸ ገብቷቸው ነበር።

እንግዲህ ያ ፍርሃት ከእኔ ወደ አንቺ የሄደ ነው። ልጅሽ አሁን አራት ዓመቱ ነው፤ የሚያየው ሸረሪቱን አይደለም፣ የእናቱን ፊት ነው። በፊቱ አትጩኺ። በእርሱ ፊት በጫማ አትምቺ። ደግሜ እልሻለሁ፣ ሕፃን በሚተኛበት ቤት መርዝ አትንፊ።

በሚቀጥለው ጊዜ የምታደርጊው ይህ ነው። አፈ ሰፊ፣ ግልጽ ብርጭቆ አዘጋጂ፤ ከእርሱ ጋር የእህትሽን የሠርግ ጥሪ ካርድ አስቀምጪ፣ ያ ወፍራሙና ወርቅ ቀለም ያለው ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። ሸረሪቱ ቆሞ ሳለ ከላይ ቀስ ብለሽ ብርጭቆውን ድፊበት፤ በችኮላ ከደፋሽው ጠርዙ እግሩን ይቆርጥበታል። ከዚያ ካርዱን በአንድ ወገን ከሥሩ አስገቢ፣ እርሱ ራሱ እግሩን እያነሣ ይወጣበታል። ካርዱን በመዳፍሽ ደግፈሽ አንሺ። እጅሽ ከተንቀጠቀጠ አስቀምጪውና ተንፍሺ፤ ብርጭቆ ውስጥ ስለሆነ የትም አይሄድም፣ ባልሽ ከሥራ እስኪመለስ ድረስ እዚያው ሊቆይ ይችላል።

የት እንደምትለቂው ደግሞ አስቢበት። በዚያው በከተማችሁ ያለው የበርክ ሙዚየም የሸረሪት ክምችት አለው፤ ክምችቱን ለብዙ ዓመታት የጠበቁት ሮድ ክሮፎርድ የሚባሉት ሰው ደጋግመው የሚያስረዱት ነገር ቢኖር፣ ቤት ውስጥ የምናያቸው ሸረሪቶች አብዛኞቹ ከውጭ የገቡ ሳይሆኑ ዘር ማንዘራቸው በቤት ውስጥ የኖረ ስለሆነ ወደ ውጭ መጣላቸው ወደ አገራቸው መመለስ እንዳልሆነ ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። በኦክቶበር ዝናብና ብርድ ሜዳ ላይ ከምትጥዪው ምድር ቤት ወይም ጋራዡ ጥግ ልቀቂው። በቫኩም አትሳቢው። ያን የሙጫ ወጥመድ የሚሉትንም ቤትሽ አታስገቢ፤ እዚያ ላይ የተጣበቀ ፍጥረት ቶሎ አይሞትም፣ እየታገለ ቀናት ይቆያል።

አደገኛ የለም ልልሽ አይደለም። ከ50,000 በላይ ከሚሆኑት የታወቁ የሸረሪት ዓይነቶች ሁሉም ማለት ይቻላል መርዝ አላቸው፤ ሰውን የሚጎዱት ግን እጅግ ጥቂት ናቸው። በእናንተ ግዛት ልትጠነቀቂያት የሚገባት ጥቁሯ መበለት የሚሏት ናት፤ ጥቁርና አብረቅራቂ፣ በሆዷ ሥር የአሸዋ ሰዓት የመሰለ ቀይ ምልክት ያላት። የምትበዛው ከካስኬድ ተራሮች ወዲያ በደረቁ ምሥራቅ ነው። ወደዚያ ስትሄዱ እንጨት ወይም ድንጋይ የምታነሺ ከሆነ ጓንት አድርጊ፣ ከነከሰችሽም ሐኪም ቤት ሂጂ። ሥጋ ታበሰብሳለች እየተባለ የሚወራላት ቡናማዋ ሸረሪት ግን ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ የምትኖር አይደለችም፤ ጠዋት ተነሥተሽ ያየሽውን ቁስል ሁሉ በእርሷ አታሳቢ። አያትሽም ወገቧ ላይ አልማዝ ባለጭራ ሲወጣባት «ሸረሪት ሸንቶብኝ ነው» ብላ ስንት ጊዜ ቤቱን በጭስ አጠነችው! ያ በሽታ በልጅነት ጉድፍ ያመጣው ቫይረስ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ሲነሣ የሚመጣ ነው። ሸረሪቷ የለችበትም። ጭሱ ግን ለአስሟ ሳይጠቅማት ቀርቷል፤ ያን ጊዜም ልከለክላት ይገባኝ ነበር።

እንዳይበዙብሽ ከፈለግሽ በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በጎማ ድፈኚው። ደጅ ያለውን መብራት ሌሊት አጥፊው፤ የእሳት ራትና ትንኝ ወደ ብርሃኑ ይመጣሉ፣ ሸረሪት ደግሞ ምግቡን ተከትሎ ይመጣል። ምድር ቤት ያከማቸሽውን ካርቶን ከወለሉ ላይ አንሺ። የልጁን አልጋ ከግድግዳው ስንዝር ያህል አርቂው፤ ብርድ ልብሱም ወለል አይንካ።

አንድ ነገር ደግሞ ለልጁ አሳዪልኝ። ፀሐይ ሲወጣ መስኮቱ ላይ የምትዘል፣ ከጥፍር የማትበልጥ ሸረሪት ታገኙ ይሆናል። ድር አታደራም፤ እያደባች ዘልላ ነው የምትይዘው። ፊቷ ላይ ሁለት ትላልቅ ዓይኖች አሏት፤ ጣትሽን ቀስ አድርገሽ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ስታንቀሳቅሺ ዞራ ታይሻለች። በጎረቤታችን በኬንያና በኡጋንዳ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ፣ የእርሷ ዘመድ የሆነች አንዲት ሸረሪት ደም የጠጣችን ትንኝ ከሌላው ለይታ ታድናለች። ይህን ሳነብ ክፍል ውስጥ ቆሜ ለተማሪዎች መናገር አማረኝ፤ አሁን ተማሪ የለኝም፣ የልጅ ልጄ ግን አለኝ። በጉልበትሽ ላይ አስቀምጠሽው አብራችሁ እዩአት። ብትፈሪም እጁን ይዘሽ እዪ።

እሑድ በእናንተ ጠዋት እደውላለሁ፤ ልጁን አቅርቢልኝ፣ ሳሉን በጆሮዬ ልስማው። «እናታቸው ነበረች?» ብለሽ ለጠየቅሽኝም መልስ ሳልሰጥሽ 29 ዓመት ሆነኝ። አዎ ልጄ፣ እናታቸው ነበረች። ይቅር በዪኝ።

ቁም ሳጥኑ ውስጥ የቀረ ሌላ ቆርቆሮ ካለ በውሃ መውረጃ እንዳትደፊው፤ የከተማው አደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ውሰጂው። ቤትሽ ውስጥ መርዝ አትንፊ።

የሚወድሽ
አባትሽ